ድንጋዩም ይጫን

የግቢው የብረት በር እንደገና ሲረገጥ መቀርቀሪያው ከነብሎኑ ተነቅሎ ሲሚንቶው ላይ ተንቃጨለ። ወርቅውሃ አልጋዋ ላይ ሆና ሰማችው። በእግሮቿ መካከል ያለውን ትራስ ገፍታ ልትነሳ ሞከረች፤ አዲሱ ዳሌዋ ግን ብድግ የሚያሰኝ አይደለም። መጀመሪያ ደህናውን እግር ማውረድ፣ ቀጥሎ ታማሚውን ሳያጣምሙ ማስከተል፣ ከዚያ ባለ አራት እግሩን ዎከር አጥብቆ መያዝ። እስከዚያ ሰው ሊገደል ይችላል።

"ሩቲ! ጓዳ ግቢና ቆልፊ! ቢላዎቹን ይዘሽ ግቢ!"

"እማ፣ አትጩኺ። ይሰማሻል።"

"ይስማኝ! ሊገድልሽ ነው የመጣው!"

ፍቅረሥላሴ ግቢው መሃል ቆሞ ሰፈሩ ሁሉ እንዲሰማው ይጮኻል። "ሚስቴን አውጡልኝ! አማት አልጋ ላይ ተኝታ የሰው ትዳር ታስተዳድራለች?" ወዲያው አንድ ነገር መስኮቱን መታው። መስታወቱ ተሰባብሮ በብርድ ልብሷ ላይ ተበተነ። ሌላ ነገር ሊወረውር ሲል የጎረቤታቸው የኦቦ ቀጄላ ኦሮምኛ የተቀላቀለበት ድምፅ ደረሰ።

"ዲሲ! ተው ብያለሁ! ሰው ግቢ ገብተህ መስኮት ትሰብራለህ? ማፈሪያ!"

ትግል፣ ስድብ፣ የሚጎተት ጫማ። ከዚያ ጩኸቱ ወደ መንገዱ ራቀ።

ዳሌዋን የሰበረው ፍቅረሥላሴ ነው። የዛሬ ሁለት ወር ገደማ ሩቲን በቀበቶ ሲገርፋት መሃል ገባች፤ ደረቷን ገፍትሮ ከበረንዳው ደረጃ ቁልቁል ጣላት። ሐኪሞቹ የተሰበረውን አጥንት አውጥተው ብረት ተኩላት። ሰበታ ውስጥ እነሱ ሰፈር ይህን የማያውቅ የለም። ግን ማንም "ሰበራት" አይልም፤ "ወደቀች" ነው የሚሉት። ያኔ ኦቦ ቀጄላም ሊጠይቋት መጥተው፣ "ፖሊስ ቤት ያፈርሳል እንጂ አያቃናም፤ መጀመሪያ ይሻልሽ" ብለዋት ነበር። ታስሮ ሲፈታ ብሶበት ይመጣል ብላ ፈርታ እሷም ዝም አለች።

ሩቲ ከጓዳ ወጥታ ስብርባሪውን ከብርድ ልብሱ ላይ እየለቀመች እናቷን ደግፋ አስነሳቻት። ወርቅውሃ የምትቀመጥበት ወንበር ሁለት የፕላስቲክ ወንበሮች ተደራርበው፣ ከላይ ብርድ ልብስ ታጥፎባቸው የተሠራ ነው። ዝቅ ያለ ነገር ላይ መቀመጥ ተከልክላለች። መጎንበስ ተከልክላለች። እግር ማነባበር ተከልክላለች። ሐኪሙ "እግርዎ ወደ ውስጥ ከዞረ ይወልቃል" ካላት ወዲህ በቀን ስንት ጊዜ እግሯን እያየች "ወልቆ ይሆን?" ትላለች።

"አሁንስ? ወልቆ ይሆን?"

"ቢወልቅ ኖሮ ጩኸትሽ ተፍኪ ከተማ ድረስ ይሰማ ነበር" አለች ሩቲ። እንደ ሌላው ጊዜ ግን አልሳቀችም። ወደ ጓዳ ተመልሳ የልብስ ሻንጣዋን ይዛ ወጣች።

"ምንድነው እሱ?"

"እሄዳለሁ፣ እማ። ኦቦ ቀጄላ በጓዳው መስኮት ነግረውኛል፤ ከሰዓት በሽምግልና ይዘውት ሊመጡ ነው። ልሂድለትና አንቺ እረፊ። ዛሬ በር ሰበረ፤ ነገ አንቺን ነው የሚሰብረው።"

"እኔንማ ሰብሮ ጨርሷል። የቀረሽው አንቺ ነሽ።"

"ሁሌም ክፉ ክፉውን ነው የምታስቢው።"

"አስቤው ያልደረሰ ካለ ንገሪኝ።"

ሩቲ ሻንጣውን በሩ ሥር አቆመችው።

ከሰዓት በኋላ ኦቦ ቀጄላና የፍቅረሥላሴ አጎት ገቡ። ፍቅረሥላሴ ከኋላቸው ጎንበስ ብሎ፣ ድፎ ዳቦ የሚያህል ጥቁር ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ ተከተላቸው። ጠዋት መስኮት የሰበረው ሰው አሁን ዓይኑን ከመሬት አያነሳም። ሩቲ ወንበር ብታቀርብም ሽማግሌዎቹ አልተቀመጡም።

"እሺ ሳትሉን አንቀመጥም" አሉ አጎቱ። "ልጃችሁ አጥፍቷል። ሰይጣን ነው። ድንጋይ ተሸክሞ ደጃችሁ የመጣን ሰው ደግሞ ባዶ መመለስ ነውር ነው።"

"ሰይጣን በር አይረግጥም፤ እግር የለውም" አለች ወርቅውሃ።

"ማሎ፣ ወርቄ" አሉ ኦቦ ቀጄላ እየለመኑ። "ሽበቴን እይልኝ። ልጅቷም ሻንጣዋን አዘጋጅታለች። አንቺ ምን አስጨነቀሽ?"

"ይገድላታል፣ ኦቦ ቀጄላ።"

"ኧረ አፍሽን በቁርጥማት! እኛ ዋስ ሆነን?"

እሺም እንቢም ሳትል ድንጋዩን ከማጅራቱ አንስተው ወለሉ ላይ አስቀመጡት። ፍቅረሥላሴ በጉልበቱ እየዳኸ መጣና ሁለት ጉልበቶቿን አቀፈ።

"ይማሩኝ፣ እማማ። አጥፍቻለሁ። ይማሩኝ!"

ወርቅውሃ የክንዱ ክብደት ታማሚው እግሯ ላይ ሲያርፍ ትከሻውን ልትገፋ ሞከረች። "እግሬን አትንካ። ተነስ፣ ተነስ፤ እግሬን ልቀቅ!"

"ማርኩህ እስክትይው አይለቅም፤ ወጉ ነው" አሉ አጎቱ። "ምሬሃለሁ በይውና ይነሳልሻል።"

"ኧረ አመመኝ! እግሬን!"

"ምነው ልብሽን አከረርሽ፣ ወርቄ?" አሉ ኦቦ ቀጄላ። የምትጮኸው ላለመታረቅ መስሏቸው ነበር።

ያኔ ፍቅረሥላሴ ፊቱን ቀሚሷ ውስጥ እንደቀበረ፣ ለእሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ "ቤቴን ያፈረስሽው አንቺ ነሽ" አላት። አማቿ ከሆነ ጀምሮ አንድም ቀን አንቺ ብሏት አያውቅም። ጉልበቷን ይበልጥ አጥብቆ ያዘና ወደ ውስጥ አዞረው።

ከሰውነቷ ውስጥ ወፍራም እንጨት ሲሰነጠቅ የመሰለ ድምፅ ወጣ። ከዚያ የወጣው ጩኸት የማን እንደሆነ ለራሷም አልታወቃትም።

ሩቲ የእናቷን እግር አየች። ጣቶቹ ወደ ውስጥ ዞረዋል፤ እግሩ ከሌላው አጥሯል። ዎከሩን አንስታ የባሏን ጭንቅላት መታችው። ቀና ሲል ደገመችው። የአሉሚኒየሙ እግር ተጣመመ፤ ከግንባሩ የፈሰሰው ደም ዓይኑን ሸፈነው።

"አንቺ ውሻ!" ፀጉሯን በእጁ ጠቅልሎ ፊቷን ከግድግዳው ጋር አጋጨው። አጎቱ "ኧረ በሥላሴ!" እያሉ ወደ በሩ ሸሹ። ኦቦ ቀጄላ በከዘራቸው ጀርባውን ሲመቱት ሩቲን ለቀቃትና ጎንበስ አለ። ቀና ሲል ያንን ድንጋይ በሁለት እጁ ከአናቱ በላይ አንስቶ ነበር።

"ልጄን!" አለች ወርቅውሃ። መነሳት አልቻለችም።

ድንጋዩ ሲወረወር ኦቦ ቀጄላ ክንዳቸውን ዘረጉ። ክንዳቸውን ሰብሮ፣ የሩቲን ትከሻ ልጦ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። ሽማግሌው እየተንገዳገዱ ተቀመጡ። ፍቅረሥላሴ እጃቸውን፣ ከዚያም ድንጋዩን አየ፤ ደሙን እየጠረገ ሮጦ ወጣ። የተሰበረውን የግቢ በር የሚዘጋበት ሰው አልነበረም።

የሚኒባስ ሹፌሩ ቢኒ ከጎረቤት በሩጫ ደረሰ። ወርቅውሃን ከወንበሩ አውርደው ፍራሽ ላይ አጋደሟትና ከነፍራሹ አነሷት። በተነቃነቀች ቁጥር ዓለም ይጠቁርባታል። አጎቱ ተመልሰው በር ላይ ቆመዋል። "እንግዲህ ያየነው እዚሁ ይቅር። የቤተሰብ ገመና ነው። እሷ ትታከም፤ ሲረጋጋ እንደገና እንቀመጣለን" እያሉ ድንጋዩን በእግራቸው ወደ አልጋው ሥር ገፋ ገፋ ያደርጉታል።

ወርቅውሃ ከፍራሹ ላይ አየቻቸው።

"ድንጋዩም ይጫን" አለች።

"ምን?"

"ከእኔ ጋር ይጫን። ካልተጫነ አልሄድም።"

"እማ፣ አብደሻል? እግርሽ ወልቋል እኮ! በቀጥታ ሆስፒታል ነው" አለች ሩቲ፤ ከንፈሯ አብጦ ቃላቱ ይደነቃቀፉባታል።

"መጀመሪያ ፖሊስ ጣቢያ።"

"እግርሽስ?"

"እግሬማ ወልቋል፤ ከዚህ በላይ የት ይሄዳል? ሐኪሞቹ መርፌ ወግተው ያስተኙኛል። ስነቃ እነዚህ ሰዎች አስታርቀውሽ እሱ ቤት አገኝሻለሁ። ሳልተኛ ነው የምናገረው። ደረጃውንም፣ የዛሬውንም።"

አጎቱ አፋቸውን ከፈቱ። "ወርቅውሃ፣ በሽማግሌ ፊት የተጀመረ ነገር..."

"ዝም በል!" አሉ ኦቦ ቀጄላ። የተሰበረ ክንዳቸውን በነጠላቸው ደረታቸው ላይ አስረው ቆመዋል፤ ፊታቸው አመድ መስሏል። ወርቅውሃን ግን አላዩአትም፤ ማየት የቻሉት ድንጋዩን ብቻ ነበር። "ቢኒ፣ ና አንሳው። እኔ በአንድ እጄ አልችልም። እኔም አብሬያችሁ እሄዳለሁ፤ የሚጠየቅ ምስክር እኔ ነኝ።"

ቢኒ ድንጋዩን አቅፎ አወጣው። የሩቲ ሻንጣ በሩ ሥር ተዘርሮ ቀረ። ወንበሮቹ በታጠፉበት የሚኒባሱ ወለል ላይ ወርቅውሃን አስተኟት፤ ድንጋዩን በጎኗ አኖሩላት።

"ቀስ ብዬ ነው የምነዳው፣ እትዬ" አላት ቢኒ። "መንገዱ ግን ጉድጓድ ነው።"

"ንዳ።"

ሞተሩ ተነሳ። ወርቅውሃ በአንድ እጇ የልጇን እጅ ያዘች። በሌላው፣ መኪናው ሲንቀሳቀስ እንዳይንከባለል፣ ድንጋዩን ተጫነችው።