የዘይት ምርቃት

አቶ ጉልላት እንደሚሉት፣ ዳማ ሐሙስ ዕለት የቁስቋም መታጠፊያ ላይ የቆመችው ዕድሜዋ ስለደረሰ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ስትሮጥ የኖረች ሞተር ሳይክል አንድ ቀን ዳገት ላይ ትንፋሿ ቢቆረጥ ምን ይገርማል? ስትሄድ ስትሄድ፣ እንደ ጨዋ ሰው ማንንም ሳታስቸግር፣ ዝም ብላ አረፈች።

ልጃቸው ሰምሀል ግን ሌላ ነው የምትለው። ዳማ ዝም አላለችም፤ ከሽሮ ሜዳ ጀምሮ ስታስል፣ ስትንተባተብ፣ ከኋላዋ የሚመጣውን እግረኛ ሁሉ በነጭ ጭስ ስታለብስ ነበር። ሰምሀል ከኋላ ተቀምጣ ሦስት ጊዜ "አባዬ፣ እየታነቀች ነው!" ብላ ጮኻለች። አባቷ "አንቺ ጥብቅ አድርገሽ ያዥ ብቻ" ብለው ጭራሽ ነዳጅ ጨመሩላት።

ሁለቱ ወሬዎች የሚገናኙት አንድ ቦታ ላይ ነው፤ አባትና ልጅ ወርደው ዳማን እየገፉ ቁልቁል ተመለሱ። ሲመለሱ ደግሞ በዳሳ አያቸው።

በዳሳ አሮጌ ሞተር እየገዛና እየፈታታ ዕቃውን ለየብቻ የሚሸጥ ሰው ነው። ፒካፑን አቁሞ አንገቱን በመስኮት አወጣ። "ጋሽ ጉልላት፣ ለምን ያንገላቷታል? ለእኔ ቢሰጡኝ እኮ ሰባት ሞተር ላይ ተከፋፍላ ትኖራለች!"

አቶ ጉልላት በላብ ተጠምቀዋል፤ ተናደዋልም። "እስከ ቅዳሜ ይህን መታጠፊያ መውጣት ካቃታት ውሰዳት!" አሉ። እጅ ለእጅ ተመታቱ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ማታ ቢጸጽታቸውም መመለሻ አልነበረውም።

ለዳማ ስሟን ያወጡላት እሳቸው ናቸው፤ በቀለሟ፣ እንደ ፈረስ። የስልክ መስመር ጠጋኝ ሳሉ መሰላል አሸክመዋት ጉለሌን ከጫፍ ጫፍ አዳርሰውባታል። ጡረታ ሲወጡ ዳማ ለሰምሀል ተላለፈች። ሰምሀል በቁስቋም ተዳፋት ከየሸማኔው ቤት ጋቢና ነጠላ ሰብስባ ለሽሮ ሜዳ ሱቆች ታደርሳለች። ዳማ ከሄደች ያንን ሁሉ በጀርባዋ ልትሸከም ነው። አንድ ነገር ግን አልተላለፈላትም። ሜዳውን ሰምሀል ትነዳለች፣ ዳገቱን አባቷ። "ዳገት የእኔ ነው" ይላሉ፣ ሰው ስለ ርስቱ እንደሚናገረው።

አርብ ጠዋት ዳማን ዱጉማ ጋራዥ ወሰዷት። ዱጉማ ቤንዚንና ዘይት ተቀላቅሎላቸው የሚጠጡትን እነዚያን ጯሂ፣ ባለ ሁለት ምት ሞተሮች ብቻ ነው የሚሠራው። በሩ ላይም "ባለ ሁለት ምት ብቻ። ሌላው ሌላ ቦታ" ብሎ ጽፏል። አባትና ልጅ በአንድ ጊዜ የሐሙሱን ታሪክ ጀመሩለት። እጁን አነሳ።

"እናንተ ትጣላላችሁ፤ ካንዴላ አይዋሽም።"

ሞተሩ ውስጥ እሳት የምትጭረውን ካንዴላ ፈታ። ጠቁራ፣ ረጥባ፣ ጫፏ ላይ ዘይት ተንጠልጥሎ ወጣች። ዱጉማ አሸተታትና ቆም አለ። "ጋሽ ጉልላት፣ እስቲ እቤት እንደሚያደርጉት አድርገው ቤንዚን ይቀላቅሉልኝ።"

አቶ ጉልላት ከኮታቸው ኪስ የሕፃን ጡጦ አወጡ፤ ሰምሀል የጠባችበት ነው። ዘይቱን ዓይናቸውን አጥብበው እስከ መስመሩ ቀዱ፤ አንዲት ጠብታ አልበለጠም። ቤንዚኑ ውስጥ ገለበጡት። ከዚያ የዘይቱን ዕቃ ክዳን ሞልተው ደገሙ።

"ይቺ የመጨረሻዋስ?" አለ ዱጉማ።

"ምርቃቷ ነቻ!" አሉ አቶ ጉልላት፣ መጠየቁ ገርሟቸው። "ጤፍ ስትገዛ እንኳ ነጋዴው እፍኝ ይመርቅልሃል። ሠላሳ ዓመት ላገለገለችኝ አንድ ክዳን ዘይት ልሰስት?"

ሰምሀል ከት ብላ ሳቀች። ወዲያው ሳቋ ፊቷ ላይ ደረቀ። "አባዬ... አንተም ትመርቅላታለህ?"

"አንተም ማለት?"

"እኔ እኮ... ጠዋት ጠዋት አንተ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ አንድ ክዳን እጨምርላታለሁ። በጡጦ ስትለካ ሳይህ የሰሰትክባት መስሎኝ!"

ዱጉማ ወገቡን ይዞ ጎማ ላይ ተቀመጠ። "ሁለት መራቂ! እኔ ደግሞ ምን በሽታ ነው እላለሁ! በፍቅር ነው እኮ ያነቃችኋት!"

ጥፋቱ ግን ያ ብቻ አልነበረም። ካርቡራተሩን ሲከፍት ቤንዚን የሚመጠንባትን ትንሽ የነሐስ ቀዳዳ አውጥቶ ወደ ብርሃን ያዛት። ባለፈው ክረምት አንድ የሰፈር መካኒክ ቀይሯት ነበር። "ይቺ ለቆላ የምትሆን ናት" አለ። "እኛ እንጦጦ ሥር ነን፤ አየሩ ስስ ነው። አየር ሲሳሳ ቤንዚኑም ካልቀነሰ ሞተር ይታፈናል።" ከቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ሲፈልግ ቆይቶ ጠበብ ያለች አገኘ። አርብ ሙሉ ቀን፣ ቅዳሜም እስከ ቀትር፣ የጭስ ማውጫውን የማርሚታውን ጥላሸት አቃጠለ፣ ፒስቶኑን አጠበ፣ እሳቱ የሚመታበትን ቅጽበት በጆሮው እየሰማ አስተካከለ። አቶ ጉልላት ከጋራዡ አልወጡም። ምሳም አልበሉም።

ስምንት ሰዓት ላይ ዱጉማ አንዴ ረገጣት።

ርርርን! ያ ድምፅ! እንደ ጩቤ የሰላ፣ ጭስ የሌለው። አቶ ጉልላት የሠላሳ ሰባት ዓመት ጎልማሳ ሆነው መሰላል የተሸከሙ መሰላቸው። እጃቸውን ወደ መሪው ሲዘረጉ ዱጉማ ከለከላቸው።

"ሰምሀል ናት የምትነዳው። እኔ ከኋላ ሆኜ እሰማለሁ።"

"ዳገት የእኔ ነው!"

"የእርስዎ ጆሮ የድሮዋን ዳማ ነው የሚያውቀው። ዛሬ 'ልቀቂ' ስላት የምትለቅ፣ 'ያዥ' ስላት የምትይዝ ነጂ ነው የምፈልገው።" አቶ ጉልላት ፈቀቅ አሉ። ዱጉማ የካንዴላ መፍቻ ኪሱ ከተተና ከሰምሀል ኋላ ተቀመጠ። ነጎዱ።

በዳሳ ፒካፑን ከጋራዡ ደጅ አስጠግቶ ሲጠብቅ ነበር። እሱና አቶ ጉልላት ጎን ለጎን ቆመው አዳመጡ። ዳማ ባሕር ዛፉ ውስጥ ገብታ አትታይም፤ ድምፅዋ ግን ይመራቸዋል። ሁለተኛ ማርሽ። ሦስተኛ። አቶ ጉልላት ሳያውቁት በግራ እግራቸው ማርሽ ይቀይራሉ፣ ቀኝ እጃቸው አየር ላይ ነዳጅ ይሰጣል። "አይዞሽ... አይዞሽ ዳማዬ... አሁን መታጠፊያው..."

ድምፅዋ እስከ መጨረሻው ጮኸ። ከዚያ ጭጭ።

ወፍ ተሰማ። ውሻ ተሰማ። ዳማ አልተሰማችም።

በዳሳ ጉሮሮውን ጠራረገ። "ጋሽ ጉልላት... እንግዲህ..." ለመረካከቢያ እጁን ዘረጋ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ዓይናቸውን ማየት አፍሮ መሬት መሬቱን ያያል። አቶ ጉልላት እጃቸውን ከኪሳቸው ለማውጣት ሞከሩ፤ ኪሳቸው ውስጥ ጡጦውን ጨብጠዋል። ቃል ቃል ነው። እጃቸው ወጣ፣ ተዘረጋ፣ ሊነካው አንድ ጣት ሲቀረው—

ርርርርን!

ከመታጠፊያው በላይ! ድምፁ እየቀጠነ፣ እየራቀ፣ ወደ እንጦጦ ወጣ። አቶ ጉልላት እጃቸውን ነጥቀው ጨበጨቡ፤ ኮፍያቸው ወደቀ፣ አላነሱትም።

ሰምሀል ጉንጮቿ በንፋስ ቀልተው ስትመለስ መጀመሪያ የጠየቃት በዳሳ ነበር። "መታጠፊያው ላይ ቆማችኋል፤ ሰምቻለሁ።"

"ያቆምኳት እኔ ነኝ" አለ ዱጉማ እየወረደ። "በሙሉ ጉልበቷ እየወጣች ሳለ ካላጠፋሃት ካንዴላ እውነቱን አይነግርህም። ና እይ።" ያወጣትን ካንዴላ በመዳፉ ላይ አስቀመጠ። ጫፏ ደርቋል፤ ቀለሟ ልክ እንደ ተቆላ ገብስ፣ የጤነኛ ሞተር ነው። "ከዚያው ዳገት ላይ ሌላ ካንዴላ አስሬ አስነሳኋት። በአንድ ርግጫ!"

"ቀድመህ አትነግረኝም ነበር? ልቤን ልታቆማት ነበር እኮ!" አሉ አቶ ጉልላት።

"ብነግርዎ ኖሮ 'እኔ ካልነዳሁ' ይሉኝ ነበር!"

በዳሳ ካንዴላዋን አገላብጦ ሲያይ ቆየ። "በራሷ ከቆመች የእኔ ናት። በሰው እጅ ከቆመችማ ያ ፍሬን ነው" አለና መለሳት። "እኔ የሞተ ነው የምገዛው ጋሽ ጉልላት፤ ይቺ እኔንም ትቀብረኛለች።"

ሰምሀል ከዳማ ላይ ወረደች። መንገዱ ከዚህ ሽቅብ ነው፤ ከላይ የሸማኔዎቹ ጋቢዎች ከሐሙስ ጀምሮ ይጠብቃሉ። እንደ ልማዷ የፊቱን ወንበር ለአባቷ ለቃ መሪውን ያዘችላቸው። አቶ ጉልላት ግን አልወጡም። ጡጦውን ከኪሳቸው አውጥተው በእጇ አስያዟት።

"ዘይቱን የምትለኪው ከዛሬ ጀምሮ አንቺ ነሽ፤ ያለ ምርቃት" አሉ፣ ዱጉማም በዳሳም እንዲሰሙ ጮክ ብለው። "ዳገቱም ያንቺ ነው። ውጪ፤ እኔ ከኋላ ነው የምቀመጠው።"