አልላቀቅ ያለው ካምቢዮ

"ኧረ ተላቀቅ! ተላቀቅ አንተ የተረገምክ!"

ሰይፈ ከአሮጌው ፒካፕ ስር ተንጋሎ ካምቢዮውን፣ የማርሹን ሳጥን፣ በሁለት እጁ ወዘወዘው። ካምቢዮው ንቅንቅ አላለም፤ የሁሩሙ መንገድ ጭቃ ብቻ ፊቱ ላይ ረገፈ።

ብሎኖቹን ሁሉ ፈትቻለሁ ብሏል። ማስነሻው ሞተሪኖ ወርዷል፣ ክሪኩም ከስር ቆሟል። ፍሪሲዮኑን የሚሸፍነው የካምቢዮው ደወል መሰል ብረት ግን ከሞተሩ አልለይ አለ። እሱ ካልተለየ ደግሞ የተቃጠለው ፍሪሲዮን አይወጣም፣ አዲሱም አይገባም።

ነገሩ የመኪና ብቻ ቢሆን ሰይፈ እንዲህ አይንጨረጨርም ነበር። ነገ ጠዋት እትዬ ሻሽቱን ከገጠር አንስቶ መቱ ከተማ ሊያደርሳቸው ቃል ገብቷል። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፤ ሊያክሙ የመጡት ሐኪሞች ነገ ጨርሰው ይሄዳሉ። በዚህ ክረምት እሳቸው ደጅ የሚደርሰው መኪና ይኸው ፒካፕ ብቻ ነው። ሌሎቹን ሾፌሮች ቢለምናቸው "መኪናችንን ጭቃ ውስጥ አንቀብርም" አሉት። ፒካፑም ቢሆን የእትዬ ሻሽቱ ሟች ባል የኦቦ አብደታ ነበር፤ በሕይወት ሳሉ ለሰይፈ የሸጡለት እሳቸው ናቸው።

"ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ፣" አለ እየተሳበ ሲወጣ፣ "ኦቦ አብደታ ምን ጉድ ነው የሸጡልኝ? በሲሚንቶ ነው እንዴ የለጠፉት?"

"እሳቸውን ተዋቸው፣" አለ መሀመድ ሰዒድ፤ ልብስ ሰፊው ጎረቤቱ ሱቁን ዘግቶ ሊያግዘው መጥቷል። "ይልቅ በያነሣኸው ዲጂኖ ምን ልታደርግበት ነው?"

"ልፈለቅቀው ነዋ!"

"አብደሃል? ብረቱ ከተሰነጠቀ መኪናውም፣ የእትዬ ሻሽቱ ዓይንም አበቃ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች!"

ዲጂኖውን አንቆ ያዘበት። ሁለት ጎልማሶች ደጅ ላይ ሲጓተቱ የሰይፈ ሚስት አልጣሽ የፈላ ውሃ በጀበና ሳይሆን በትልቁ ማንቆርቆሪያ ይዛ ወጣች።

"አታፍሩም? ሰው እያየ! ዝገት ከሆነ ሙቅ ውሃ ያላቅቀዋል ያልከው አንተ አይደለህ?"

ከላይ በሞተሩ በኩል አፈሰሰችው። እንፋሎቱ ተነሣ። አልጣሽ አፍንጫዋን ነፋ ነፋ አደረገች።

"ሰይፈ፣ ሰም ሸተተኝ።"

"ሰምና መኪና ምን አገናኛቸው?"

"ዕድሜዬን ማር ስነግድ የኖርኩት እኔ! ሰም ነው አልኩህ!"

ሊስቅባት ከጀለው፤ ግን ሌላ ዘዴም አልነበረውም። እጁን ከሞተሩ ጀርባ አሾልኮ ዳሰሰ። አንድ ጎድጎድ ያለ ቦታ ላይ፣ ጭቃ ብሎ ያለፈው ነገር ለስልሶ ጣቱ ላይ ተጣበቀ። ጠረገው። ከስሩ የብሎን ራስ ወጣ።

"ወይ ጉዴ! አንዱን ሳልፈታ ኖሯል የምታገለው!"

ሌሎቹ ብሎኖች በዝገት አስለቅሰውት ነበር። ይሄኛው እንደ አዲስ ያብረቀርቃል፤ ቁልፉን ሲያሳርፍበት ያለ ጭቅጭቅ ዞረ። መሀመድ ሰዒድ ከጎን ሲደግፍለት ካምቢዮው እየተንሸራተተ ወጣ።

ሰይፈ ጭቃው ላይ ዘፍ አለ። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

"አልጣሽ፣ እግዜር ይስጥሽ። አንተም ወንድሜ፣ ያን ዲጂኖ ባታስጥለኝ ምን ይውጠኝ ነበር!"

"ሰሙ ባይኖር ይሄኛውም ይዝግ ነበር፤ ኦቦ አብደታንስ አታመሰግንም?" አለ መሀመድ ሰዒድ እየሳቀ።

ሰይፈ አፈረ። ስልኩን አንስቶ እትዬ ሻሽቱ ጋ ደወለ።

"ነገ እመጣለሁ እትዬ፣ ተዘጋጅተው ይጠብቁኝ። ኦቦ አብደታ ብሎን ላይ ሰም ያደርጉ ነበር እንዴ?"

አሮጊቷ ከት ብለው ሳቁ። "እሱ ንብ አናቢው ሰም ያላደረገበት ምን አለ? ውሃ እንዳይገባ ብሎ ጣሪያዬንም የደፈነው በሰም ነው! ገለቶማ፣ ሰይፈ ኮ! ተባረክልኝ የእኔ ሰይፈ።"

"ነፍሳቸውን ይማር፣" አለ ሰይፈ ስልኩን ዘግቶ፤ ከልቡ ነበር።

አዲሱ ፍሪሲዮን ገብቶ፣ ካምቢዮው ወደ ቦታው ተመልሶ ያ ተደብቆ የነበረው ብሎን መጨረሻ ላይ ሲጠብቅ ሰይፈ እጁን ዘረጋ።

"አልጣሽ፣ ትንሽ ሰም ስጪኝ። መሀመድ፣ ከአንተ ደግሞ ቀይ ክር።"

"ክሩ ለምንህ?"

ሰይፈ ክሩን ብሎኑ ላይ ጠመጠመ፤ በሰሙ ደፈነው፤ ጫፉን ግን እንዲታይ አድርጎ ወደ ውጭ ተወው።

"ከእኔ በኋላ ለሚፈታው ነው፣" አለ እጁን እየጠረገ። "እሱም ደግሞ ብሎኑን አጥቶ ኦቦ አብደታን እንዳይረግማቸው።"