የበሩ ወንበር

ስምንተኛ ክፍልን ታሪክ ማስተማር ትዕግሥት ይጠይቃል ይላሉ። እኔ ትዕግሥት የለኝም፤ ያለኝ ወንበር ነው። በከተማችን በክሌይ ሪጅ፣ አላባማ፣ በየዓመቱ የምርጫ መብት ትምህርት ላይ ስደርስ ከክፍሉ በር አጠገብ ወንበር አስቀምጥና ዘበኛ እሾምበታለሁ።

ያን ዓመት የሾምኩት ላማርከስን ነበር። የክፍሉ ግዙፍ ልጅ ነው፤ ሲኮሳተር እኔንም ያስፈራኛል። የድምፅ መስጫው ሳጥን ከበሩ ውጪ ነው፤ የሚመረጠው የዓርብ ምሳ ነው፣ የተጠበሰ ዓሣ ወይስ የጎድን ጥብስ። ለመውጣት የዘበኛውን ጥያቄ መመለስ ግድ ነው።

"አንድ ሳሙና ስንት አረፋ ይወጣዋል?" አለው ላማርከስ ኩዊንተንን።

"ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ጥያቄ ነው? አንተስ ታውቀዋለህ?"

"እኔ ጠያቂ ነኝ። ወድቀሃል! ቀጥል!"

ክፍሉ በሳቅ አወካ። ሳቃቸው እስኪበርድ ጠብቄ፣ ቅድመ አያቶቻቸው ለመራጭነት ሊመዘገቡ ሲሄዱ እንዲህ ያለ ጥያቄ ይቀርብላቸው እንደነበር ነገርኳቸው። ደፍሮ የሄደ ጥቁር ከሥራው ይባረር ነበር። ሰው ተደብድቦ፣ ሰው ሞቶ ነው በ1965 እ.ኤ.አ. የመምረጥ መብት ሕጉ የወጣው።

በማግሥቱ ላማርከስን ለብቻው ጠርቼ አንድ ነገር በጆሮው ነገርኩት። እንደ ትናንቱ ተኮሳትሮ ተቀመጠ።

"መምረጥ የሚፈልግ ወደ በሩ ይሂድ" አልኩ።

ጥቂቶች ሄዱ። ላማርከስ ወደ እያንዳንዳቸው ጠጋ ብሎ አንሾካሾከና በሩን ከፈተላቸው። የቀሩት ከወንበራቸው አልተነሱም፤ ዴልፊን ሞዝሊም ተቀምጣ ቀረች። ደወሉ ሊደወል ሲል፣ "ላማርከስ፣ ጠዋት ምን ነበር ያልኩህ?" አልኩት።

"የመጣውን ሁሉ በጆሮው 'እለፍ' ብለህ አሳልፍ፣ ምንም እንዳትጠይቅ።"

"ይሄማ ማጭበርበር ነው!" ብሎ ጮኸ ኩዊንተን።

"ማን ከለከለህ?"

"ፊቱ! ፈሪ ለእናቱ ብዬ ተቀመጥኩ።"

ክፍሉ ሲስቅ ዴልፊን ግን አልሳቀችም። ሁሉም ሲወጡ ጠረጴዛዬ ጋ መጣች።

"ሚስ ፕሩዊት፣ አባቴ መርጦ አያውቅም። የታሰረ ሰው ዕድሜ ልኩን አይመርጥም ይላል። የምርጫ ቀን በመጣ ቁጥር አደን ነው ብሎ ጫካ ይገባል።"

"ማን ነገረው?"

"እኔንጃ… ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚለው።"

ደሜ ፈላ። ይኼ "ሁሉም ሰው" የሚሉት በአገራችን ስንቱን ቤቱ እንዳስቀመጠው! አባቷ የታሰረው ኪሱ ውስጥ በተገኘ ዕፅ ነው፤ ፍርዱን ከጨረሰም ቆይቷል። የግዛታችን ሕግ የመምረጥ መብት የሚያስነጥቁትን ወንጀሎች በስም ይዘረዝራል። ከሰዓት በኋላ ሕጉን አውጥቼ እንደገና አነበብኩት። የእሱ ጥፋት ዝርዝሩ ውስጥ የለም።

ሮስኮ ሞዝሊ ልጁን ሊወስድ ሲመጣ የመኪናውን መስኮት አንኳኳሁበት። እሱንም በልጅነቱ ያስተማርኩት እኔው ነኝ።

"ሚስ ፕሩዊት፣ ይተዉኝ እባክዎን" አለኝ፣ ሁሉንም ሰምቶ። "ልጄ ፊት 'አንተ አይፈቀድልህም' ከሚሉኝ ሞት ይሻለኛል።"

"ድሮም ፈተና ሲመጣ ሆዴን አመመኝ ትል ነበር። ሞተሩን አስነሳ! ሄደህ ትመዘገባለህ፤ እኔም እመጣለሁ።"

መራጮች በሚመዘገቡበት ፍርድ ቤት ውስጥ መዝጋቢዋ ስሙንና አድራሻውን ጠየቀችው፣ ኮምፒውተሯን አየች፣ አስፈረመችው።

"ጨርሰናል። ካርድዎ በፖስታ ይመጣል።"

ሮስኮ ከቦታው አልተነቃነቀም። "ይኸው ነው? እኔ እኮ ታስሬ ነበር።"

"አይቼዋለሁ። የእርስዎ ጉዳይ አያስከለክልም። ባለፈው ምርጫም ቢመጡ እንመዘግብዎ ነበር።"

ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል የሚባለውን ያን ቀን በዓይኔ አየሁት። ስንወጣ ሮስኮ የፍርድ ቤቱ ደረጃ ላይ ዘፍ አለና ፊቱን በእጆቹ ያዘ።

"አሁን ማንን ልክሰስ?" አለ በቁጣ። "ማንም እኮ አልከለከለኝም! በሩን ሳላንኳካ ነው የተመለስኩት!"

ዴልፊን አጠገቡ ተቀመጠች። "አባዬ፣ እኔም ዛሬ ተቀምጬ ቀረሁ" አለችው።

በኅዳሩ ምርጫ ሮስኮ ጫካ አልገባም። ጎህ ሳይቀድ ሄዶ ከሰልፉ ፊት ቆመ፤ እኔን እንኳ ቀደመኝ።

በሚቀጥለው ዓመት ወንበሩን በሩ አጠገብ ሳስቀምጥ፣ ከሥራው ፈቃድ ወስዶ መጣ። "ዘንድሮ ዘበኛው እኔ ነኝ" አለ። መኮሳተሩንማ ተክኖታል፤ ከላማርከስ ይብሳል። በሁለተኛው ቀን ዝም ብሎ እንዲቀመጥ፣ የመጣውን ብቻ እንዲያሳልፍ አስጠነቀቅኩት። ከኋላ መደዳ አንዲት ቀጭን ልጅ በሩን ታያለች፣ እሱን ታያለች፣ ከዚያ አንገቷን ትደፋለች። ደግማ ቀና ስትል ሮስኮ አልቻለም። ወንበሩን ትቶ አጠገቧ ደረሰ።

"ልጄ፣ ተነሺ! መጥተሽ ጠይቂኝ እንጂ! እምቢ ካልኩሽ ያን ጊዜ እንጣላለን።"

ትምህርቴን አበላሸብኝ። በሌላ ቀን ቢሆን እጮህበት ነበር፤ ያን ቀን ግን ተውኩት። ልጅቷ ተነሳች።