የግማሽ ሰዓት እረፍት

እኔ የእግር ኳስ ዳኛ ነኝ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የወንዶችን ስድብ ችዬ፣ ማንንም ሳልፈራ ካርድ ስመዝ ኖሬአለሁ፤ ተጫዋቾቹ «እመት ካርድ» የሚሉኝም ለዚሁ ነው። ያልቻልኩት አንድ ሰው ቢኖር የዳኞች ኮሚቴያችን ዶክተር ናቸው።

በየዓመቱ የብቃት ፈተና እንሮጣለን። በሰዓቱ ያልጨረሰ ይወድቃል፤ ሁለት ጊዜ የወደቀ ከዳኞች ዝርዝር ይሰረዛል። ከሩጫው በኋላ እኚሁ ዶክተር ያዩናል፤ ወዲያው ግን አይደለም። የልብ ትርታችን እስኪረጋጋ ግማሽ ሰዓት አግዳሚ ወንበር ላይ እንድንቀመጥ ደንቡ ያዛል። ማን እንዳወጣው የሚያውቅ የለም፤ ሁሉም ግን ያከብረዋል።

አምና፣ በሠላሳ ሰባት ዓመቴ፣ ስድስተኛው ዙር ላይ ደረቴ ተቆለፈ። አየሩ ይገባል፣ አልወጣም ይላል። ሲር ሲር የሚል ድምፅ ከገዛ ደረቴ ሲወጣ ሰማሁ። በሰዓቱ አልጨረስኩም። ግማሽ ሰዓት አስቀመጡኝና ትንፋሼ ሲመለስ፣ ዶክተሩ ደረቴን አዳምጠው፣ «ምንም የለሽም። ልምምድ ቀንሰሻል፤ ትንሽም ወፈር ብለሻል» አሉኝ።

ወፈርሽ! ወፍ ሳይንጫጫ ሜዳ ላይ የምገኘው እኔ ነኝ! «ሲር ሲር ይል ነበር እኮ» ብላቸው፣ «አሁን አይልም» አሉ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው።

ዓመቱ በዚሁ አለቀ። ባሌ «እስቲ ተይው፣ ዕድሜም አለ» ይለኛል። ታላቅ እህቴ «ጭንቀት ነው፣ እኔንም ያደርገኛል» ትላለች። ብርድ ሲመታኝ ሳል ያጣድፈኛል፤ ወደ ዶክተሩ ሄጄ ተራ ጠብቄ ስገባ ግን ትንፋሼ ሰላም ነው። በመጨረሻ እኔው ራሴን መጠራጠር ጀመርኩ። ከሁሉ ያናደደኝ እሱ ነው።

ዘንድሮ ሁለተኛው ፈተና ደረሰ። ስምንተኛው ዙር ላይ ያው ቁልፍ ያዘኝ። እየተንገዳገድኩ ጨረስኩ፤ ሰዓቱ አልፏል። የኮሚቴው ሰብሳቢ እስክሪብቶአቸውን ሲያነሱ አየሁ። በሌላው እጃቸው አግዳሚውን ጠቆሙኝ።

አልተቀመጥኩም። በቀጥታ ዶክተሩ ክፍል ገባሁ።

«እረፍት ሳታደርጊ...» ብለው ጀመሩ። መናገር አልቻልኩም። ማዳመጫቸውን ከአንገታቸው ላይ ጎትቼ ጫፉን ደረቴ ላይ ለጠፍኩት። ግራ ገብቷቸው ጆሯቸው ላይ ሰኩት፤ ፊታቸው ተለወጠ።

«ጀርባሽን አዙሪ» አሉ። ከዚያ ትንፋሽ የምትለካ፣ ጠቋሚ ያላት አንዲት ቱቦ አምጥተው፣ «ባለ በሌለ ኃይልሽ ንፊባት» አሉኝ። ጠቋሚዋ ከግማሽ በታች ቀረች። በአፍ የሚሳብ መድኃኒት ሰጥተውኝ፣ ሩብ ሰዓት ቆይቼ ደግሜ ስነፋ ጠቋሚዋ ወደ ላይ ወጣች። ደረቴም ተከፈተ።

«አስም ይመስላል። የሳንባ ሐኪም ያረጋግጠው።»

«በዚህ ዕድሜዬ?»

«በማንኛውም ዕድሜ ይጀምራል» አሉ። «ግን ለምን ቀደም ብለሽ አልነገርሽኝም?»

ደሜ ፈላ። «ነግሬዎታለሁ! ዓመት ሙሉ ነግሬዎታለሁ! ወፍረሻል ነው ያሉኝ!»

ጩኸቴን የሰሙት ሰብሳቢ ዝርዝሩን እንደያዙ በሩ ላይ ቆሙ። «ያሳዝናል፣ እህቴ። ግን ሁለት ጊዜ የወደቀ ይሰረዛል። በሽታ ከሆነማ ጭራሽ...»

«ይታከማል» አሉ ዶክተሩ። «መድኃኒቷን ወስዳ ትሮጣለች።»

«ሁለት ጊዜ ወድቃለች እኮ!»

ዶክተሩ ማዳመጫቸውን ጠቀለሉት፣ ፈቱት፣ ደግመው ጠቀለሉት። «የአምናው የእሷ አይደለም። ታማ ሳለች ጤነኛ ነሽ ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ። የወደቅኩት እኔ ነኝ።»

ሰብሳቢው ወደ ዝርዝሩ አቀረቀሩ። በቃል የተባለ ነገር ግን ከዚያች ክፍል ወጥቶ አያውቅም። ከጠረጴዛው ላይ ወረቀት ስቤ ዶክተሩ ፊት አስቀመጥኩ።

«አሁን ያሉትን ይጻፉት። እኔ እዚሁ ቆሜ እየተነፈስኩ እጠብቃለሁ።»