አምቦ ውሃ የጠጣችው ኢተርቢየም

ባሌ ተሬፋ ከሌኒንግራድ ሲመለስ ጣውንት ይዞብኝ መጣ። ባቄላ የምታክል፣ ኢተርቢየም የምትባል ነጭ ብረት ናት። አምቦ ኬሚስትሪ ሲያስተምር ውሎ ማታ ብልቃጧን ሳይከፍት አይተኛም። ስሜ አመለሸጋ ቢሆንም በእሷ ነገር አመሌ ሸጋ አልነበረም።

ምክንያቱን ግን አውቃለሁ። አባቱ ኦቦ ዓብዲሳ ጌዶ ላይ ከበቅሎ ወድቀው እግራቸው ሲሰበር በአካባቢው ራጅ አልነበረም፤ አጥንቱ ተጣሞ ገጠመና እስከ ዛሬ ያነክሳሉ። ኢተርቢየም በኒውክሌር ማብላያ ውስጥ ካለፈች ራሷ ጨረር ስለምታወጣ መብራት በሌለበት ገጠርም ራጅ ታነሳለች ይላል ተሬፋ። በ1979 ዓ.ም. አዲስ አበባ ያለ አንድ ላቦራቶሪ ለምርምር ሊቀጥረው አስቦ፣ ብረቷን ይዞ እንዲቀርብ ጠራው። ሲመኘው የኖረው ሥራ ነበር።

ከቀጠሮው በፊት ተሬፋ ለስብሰባ አዲስ ዓለም ከተማ ሲሰነብት እናቱ ሀርሜ ሲንቄ ከጉደር መጡ። ብረቷን ደብዝዛ አዩዋት። እሳቸው የደበዘዘ የብር አምባራቸውን አምቦ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈው ነው የሚወለውሉት። ልጃቸው በትልልቅ ሰዎች ፊት እንዳያፍር ብለው፣ ለእኔም ሳይነግሩኝ፣ በብርጭቆ ዘፈዘፏት። አረፋ ስትተፋ አይተዋል፤ አምቦ ውሃ መቼም ሥራው አረፋ ነው ብለው በየጠዋቱ ይጨምሩበት ነበር።

ተሬፋ ሲመለስ ከብርጭቆው ስር የቀረው ነጭ ዝቃጭና የምስር ክክ የምታክል ስባሪ ነው። ሀርሜ ጓዳ ገብተው እህል አልቀምስም አሉ። እኔ ጣውንቴ ሞተችልኝ ብዬ እልል ማለት ሲገባኝ፣ የባሌን ፊት አይቼ አለቀስኩ።

እሱ ግን ጓዳ ገብቶ እግራቸው ስር ተቀመጠ። «ሀርሜ፣ አልጠፋችም እኮ። ዱቄቱ ራሷ ናት፤ ልብስ ነው የቀየረችው።»

«ለጠሩህ ሰዎች ምን ልትላቸው ነው፣ ኢልማ ኮ፣ ልጄ?»

«እውነቱን።»

እኔ ብልቃጧ በመንገድ ተሰበረብኝ በል ብዬው ነበር፤ አልሰማኝም። ዝቃጩንና ስባሪዋን ከነውሃው በጠርሙስ ይዞ ሄደ።

ኋላ እንደነገረኝ፣ ጠያቂዎቹ ጠርሙሱን አይተው ተያዩ። ኃላፊው ማን እንዲህ እንዳደረጋት ጠየቁት። «እናቴ ናት» አላቸው፤ «ደብዝዛ እናንተ ፊት እንዳትቀርብ ብላ ነው።» ሰውየው ጠርሙሱን ወደ እሱ ገፋ አደረጉ። ከዚያ፣ እስቲ መልሰህ አውጣት አሉት።

እዚያው ሰነበተ። ከአምቦ ውሃው ጨው ለያት፣ አደረቃት፣ በምድጃ አቃጠላት፣ መዘናት። የድሮ ክብደቷን በቃሉ ያውቃል፤ እኔ የተወለድኩበትን ቀን ግን በየዓመቱ ይረሳል። ስትቃጠል የያዘችውን ኦክስጅን ቀንሶ አስልቶ ሲያያት ሙሉ ነበረች። ቀጠሩት።

ከአውቶቡስ ወርዶ በቀጥታ ጓዳ ገባ። ሀርሜ እሱ እስኪመለስ ከአጥሚት በቀር በአፋቸው የዞረ ነገር የለም። መቀጠሩን ሲነግራቸው የሰሙም አልመሰሉም።

«ምንም አልጎደለባት?» አሉት።

«ምንም፣ ሀርሜ።»

ቀና ብለው እኔን አዩኝና እንጀራ እንዳቀርብላቸው ጠየቁኝ።