ከእንቁላል ጋር ያደረ ጠገራ

ዋላሂ ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፉ እውነት ነው። አንዲት ቃል ከዋሸሁ፣ ስጠጣው የኖርኩት የድሬ ውሃ ኩላሊቴ ውስጥ ጡብ ይሁንና ቤት ይሠራበት።

ኸባብ የሱቁን በር ከውስጥ ቀርቅሮ ፌስታሉን ፈታ። የተፈረከሰው እንቁላል ሽታ አፍንጫውን መታው። ጠገራ ብሩን በሁለት ጣቱ ጎትቶ አወጣና ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረው። ትናንት መሃሉ ማር፣ ዙሪያው ቀይና ሰማያዊ፣ ልክ የርግብ አንገት የነበረው ብር የድስት ቂጥ መስሏል።

"ያ አላህ!" አለ።

በሩ ተንኳኳ።

"ኸባብ! ያ ኸባብ! ዛሬ እንኳ ተኝተህ ነው?"

ኤዶ ዐስሊ ናት። ኤዶ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው፤ የሥጋ አክስቱ ግን አይደለችም። እናቱ ከሞተች ወዲህ ምሳውን ስትልክለት የኖረች ጎረቤቱ ናት። ጠገራው የእሷ ነው፤ ከእሷ በፊት የእናቷ ነበር። በቤታቸው ሴት ልጅ ስትዳር እናትየው ይህን ብር ደረቷ ላይ ታስርላትና ደጃፉን ታሻግራታለች። ዛሬ ከዐስር ሶላት በኋላ የምትሻገረው የመጨረሻ ልጇ አያን ናት። ብሩ ኸባብ እጅ የገባው ማንጠልጠያው ስለላላ ብቻ ነበር።

እንግዲህ እንቁላሉ ከየት እንደመጣ ልናገር። ኸባብ ድሬ፣ መጋላ ገበያ ውስጥ የብር ጌጥ ይጠግናል፤ አሮጌ ሳንቲምም ለሰብሳቢዎች ይሸጣል። ሰብሳቢ ደግሞ ታጥቦ የሚያብለጨልጭ ብር አይወድም፤ በዕድሜ ብዛት በራሱ ጊዜ ቀለም ያወጣውን ነው የሚፈልገው። "ቀለሙ ይቆያል ወይ? ኋላ አይጠቁርብኝም?" ብለው ሲጠይቁት፣ ኸባብ ደረቱን እየመታ "አላህ የቀባውን ማን ያስለቅቃል! የተፈጥሮ ከሆነ ንቅንቅ አይልም!" ይላቸዋል። ይህን ከመደጋገሙ የተነሳ ራሱም አመነው።

ትናንት በርጫ ላይ ጫት እየቃመ ይህንኑ ሲል ባጃጅ ነጂው ጦልሃ ሰለቸው። ሙቀቱን አትጠይቁኝ፤ ታይዋን ገበያ የተሰቀሉት ጃኬቶች ላባቸውን ሲጠርጉ ታይተዋል።

"አቦ ተወና!" አለ ጦልሃ። "ብር ሁሉ ይጠቁራል። የእናቴ አምባር ጠቁሯል።"

"የእናትህ አምባር ቆርቆሮ ነው።"

"እናቴን ተዋት! ወንድ ከሆንክ ያንን ርግብ አንገትህን ከተቀቀለ እንቁላል ጋር አሳድረው፤ ጠዋት እንተያያለን።"

"ከእንቁላል? ከጀሃነም ጋር አሳድረዋለሁ!"

በርጫው ላይ የነበሩት ሳቁበት። ምርቃናውም ከፍ ብሎ ነበር። የገዛ ሳንቲሞቹ መደርደሪያው ላይ ሞልተዋል፤ ግን ከመካከላቸው እንደዚያ የሚያምር አልነበረምና እጁ የሰው አደራ ላይ አረፈ።

በሩ ደግሞ ተንኳኳ።

"መጣሁ ኤዶ! ማንጠልጠያውን እየበየድኩ ነው!"

"በል ፍጠን። እኔ እዚሁ ደጃፉ ላይ ቁጭ እላለሁ፤ ይሄ ጉልበቴ እንደሆነ ድግስ መኖሩን አልሰማም።"

ብየዳ የለም። ማንጠልጠያው ያለቀው ትናንት ነው። ኸባብ ሎሚ ቆረጠና አመድ ነሰነሰበት። ብር ማጽዳት ለእሱ ፊት እንደመታጠብ ነው። የሚናገረውንም አዘጋጀ፦ "ኤዶ፣ ለሙሽራዋ ስጦታዬ ነው፤ አዲስ አደረግኩላት።" ምስጋና ሁሉ ያገኝበታል። ጠርዙን አሸት አሸት አደረገው። ጥቁሩ ለቀቀ፤ ከሥሩ ግን ያ ሰማያዊ አልወጣም። እርቃኑን የቀረ ነጭ ብር ነው የወጣው።

ከውጭ ድምጿ መጣ።

"ኸባብ፣ አንድ ነገር ልንገርህ? እንዳትቀየመኝ።"

"ንገሪኝ።"

"ለደንበኞችህ 'አይለወጥም' ስትል እሰማለሁ። እንጀራህን እንዳልዘጋ ብዬ ዝም አልኩ እንጂ ይለወጣል እኮ! እናቴ ለእኔ ስታስርልኝ ቢጫ ብቻ ነበር፣ እንደ ሻይ። ቀዩ የመጣው ቢዮ አዋሌ ስንኖር ነው። ሰማያዊው ደግሞ አያንን ከወለድኩ በኋላ። ቀስ ብሎ ስለሚሄድ የቆመ ይመስላል።"

ኸባብ ማሸቱን አቆመ።

"ታዲያ ወዴት ነው የሚሄደው?" አለ፣ ድምፁን እየጠበቀ።

"ወደ ጥቁር ነዋ! ሌላ የት ይሄዳል? እሱን ግን የአያን የልጅ ልጅ ትየው። እኛ በደረቅ ጨርቅ እንጠቀልለዋለን፣ ላብ እንዳይነካው እናደርጋለን። ሥራችን ማዘግየት ነው።"

የእናትና የልጅ ዕድሜ ያልጨረሰውን መንገድ ኸባብ በአንድ እንቁላል ጨርሶታል። ፊቱ ጋለ፤ ጆሮው ሳይቀር ጋለ። ነጭ አድርጎ ቢሰጣት ታምነዋለች። "ጀዛከላህ" ብላ ትመርቀዋለች። ምርቃቷን ገና ሳትናገረው ሰማውና አንገቱን ደፋ። ሎሚውን ጣለ፤ መቀርቀሪያውን ሳበ።

መዳፉን ዘርግቶ አሳያት። ብሩ ጥቁር ነው፤ በአንድ ጎኑ የጥፍር ያህል ነጭ አለው።

"ምንድነው ይሄ?"

"ያንቺው ነው።"

"የኔ አይደለም።"

"ያንቺው ነው ኤዶ። በርጫ ላይ አይጠቁርም ብዬ ፎክሬ ከእንቁላል ጋር አሳደርኩት።"

"ከምን ጋር?"

"ከእንቁላል። ከተቀቀለ።"

ኤዶ ዐስሊ ብሩን አየች፤ እሱን አየች፤ ከጀርባው ጠረጴዛው ላይ የተፈረከሰውን እንቁላል አየች። ከዚያ ሳቀች። ሆዷን ይዛ እስኪያስነባት ሳቀች፤ የመጋላ ፍየሎች እንደ ማስቲካ የሚያኝኩትን ፌስታል ትተው ጆሯቸውን አቆሙ።

"ነጭ ላደርገው ጀምሬም ነበር" አለ ኸባብ፣ ማንም ሳይጠይቀው። "ስጦታ ነው ልልሽ። አሁንም ከፈለግሽ..."

"እጅህን አንሳበት። እንዲሁ ይታሰርላታል።"

"ሴቶቹ ሲጠይቁሽ ምን ልትያቸው ነው?"

"እኔን ምን አግብቶኝ?"

ብሩን የነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጥራ ሄደች። ኸባብ ሱቁን ዘግቶ፣ እንደ ጥፋተኛ ልጅ ከኋላዋ ራቅ ብሎ ተከተላት። መታጠፊያው ላይ ጦልሃ ባጃጁ ውስጥ እግሩን ሰቅሎ ተቀምጧል።

"ያ ኸባብ! እንቁላሉስ? ወዴት ነው?"

"ወደ ሰርጉ፣ የሴቶቹ ድንኳን።"

"የሴቶቹ? ምን ልታደርግ?"

"ሲጠይቁ ልናገር።"

ጦልሃ ሊስቅ አፉን ከፈተ። የኸባብን ፊት ሲያይ መልሶ ዘጋው።

አንዲት ነገር ብቻ ከራሴ ጨምሬአለሁ። ጃኬቶቹ አይደሉም፤ እነሱ ላባቸውን ጠርገዋል። ሳቁን ነው። ኤዶ ዐስሊ አልሳቀችም። ብሩን ከመዳፉ ላይ ስታነሳ እጁን እንዳትነካው ተጠነቀቀች፤ ይኸው ነው። ለኸባብ አዝኜለት ነው ያሳቅኳት።