ሞልቷል

«ሞልቷል። ይጠብቁ» አለ ኤቬራርዶ።

ቃሉ ከአፉ የወጣው ሳያስበው ነው። የቢራቢሮ ክራቫቱን አስሮ፣ ጫማውን እስኪያብረቀርቅ ወልውሎ፣ በገዛ ቤቱ በር ላይ ደረቱን ነፍቶ ቆሞ ነበር። ፊት ለፊቱ የቆሙት ባልና ሚስት የቤቱ የመጀመሪያ እንግዶች ናቸው። ከጀርባው፣ እስከ ትናንት ድረስ ሳሎን በነበረው ክፍል ውስጥ፣ አራት ጠረጴዛና አሥራ ሁለት ወንበር ተደርድሯል። አሥራ ሁለቱም ባዶ ናቸው።

ባልየው ምንም አልገረመውም። «እሺ» አለና ሚስቱን በክንዷ ይዞ፣ መንገዱን ተሻግሮ ከዛፉ ጥላ ሥር ቆመ። የሀቫና ሰው ሞልቷል ሲባል ለምን ብሎ አይጠይቅም። ምን ያህል ይቆያል ብሎ ነው የሚጠይቀው፣ እሱንም ከደፈረ ነው።

ከወጥ ቤት የጭልፋው ድምፅ ቀጥ አለ።

«ኤቬራርዶ!» ሚስቱ ሚግዳሊያ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ብቅ አለች። «ማንን ነው ሞልቷል ያልከው?»

«እኔ እኮ… አፌ ነው።»

«አፍህ ነው? አፍህ ጉድ ሠራኝ በላ! ስምንት ዶሮ አሰናድቼ፣ የእናቴን የስፌት መኪና ሸጬ፣ አንተ በር ላይ ተገትረህ እንግዳ ታባርርልኛለህ? አይ፣ የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ!»

እውነቷን ነው።

ኤቬራርዶ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የላስ ጋርሳስ በረኛ ነበር። ላስ ጋርሳስ የመንግሥት ምግብ ቤት ነው። በሩ በሰንሰለት ይታሰራል፣ የሰንሰለቱ ቁልፍ ኤቬራርዶ ኪስ ውስጥ ነው። ውስጥ ሠላሳ ጠረጴዛ ነጭ ልብሱን ለብሶ ቁጭ ይላል፣ ውጭ ሕዝቡ ፀሐይ ይመታዋል። አንድ ቀን አስተናጋጅ ቀርቷል፣ ሌላ ቀን ሥጋው አልመጣም፣ ሌላ ቀን ደግሞ ማንም አይቶት ለማያውቅ ትልቅ ሰው ተይዟል። ምክንያቱ ይለዋወጣል፣ ቃሉ ግን ያው አንድ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ሞልቷል ሲል ያፍር ነበር። ቆይቶ ለመደው። ከዚያ ምን ይደበቃል፣ ወደደው። ሐኪሙም ሹፌሩም መንገድ ላይ ሲያገኙት ከሩቅ እጅ ይነሡታል፣ ሲጋራውን ሌላ ሰው ይለኩስለታል። ባለፈው ዓመት የሚበስለው ነገር ጨርሶ ሲጠፋ ላስ ጋርሳስ ተዘጋና እሱም ክራቫቱን ጠቅልሎ ቤቱ ገባ።

ሕጉ የወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሰው በገዛ ሳሎኑ ምግብ መሸጥ ይችላል ተባለ። ግን ወንበሩ ከአሥራ ሁለት አይበልጥም፣ ሠራተኛውም ከቤተሰቡ አያልፍም። አሥራ ሦስተኛ ወንበር የተገኘበት ፈቃዱን ይነጠቃል። ሚግዳሊያ ይህን በሬዲዮ የሰማች ቀን የያዘችውን ሳህን አስቀምጣ ብቻዋን ጨፈረች። ወንበሩን ከየጎረቤቱ ለቃቀመች፤ ሁለት አንድ ዓይነት ወንበር እንኳ የለም። ማብሰሉን እሷ፣ ማስተናገዱን ልጃቸው ዳማሪስ ያዙ። በሩ ለኤቬራርዶ ቀረ፣ ሌላ የሚያውቀው ሥራ የለማ!

ፋታም የለም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ መብራት ይጠፋል፤ የዛሬው ተራ የእነሱ ሰፈር ነው። በዚህ ሙቀት ያለ ማቀዝቀዣ የዋለ ዶሮ አያድርም፣ ሌላ ዶሮ መግዣ ደግሞ ከየትም አይመጣም። እነዚህ ወንበሮች ዛሬ ሰው ካልተቀመጠባቸው ነገ ለየባለቤቶቻቸው ይመለሳሉ። አሁን ስድስት ሰዓት ሆኗል።

«ምነው? በረኛው ሰው መለሰ እንዴ?» የሚል ድምፅ ከጓዳ መጣ። ከድምፁ ኋላ ሳቅ አለ።

ሽማግሌው ሴቬሪኖ ነው፣ የሚግዳሊያ አባት። ሚግዳሊያ አሥራ አምስት ዓመት የሞላት ዕለት ይህ ሰው የጎረቤቱን ኮት ተውሶ፣ ልጁን ነጭ ቀሚስ አልብሶ ላስ ጋርሳስ ወስዷት ነበር። አራት ሰዓት ሙሉ ቆሙ። በመጨረሻ ሴቬሪኖ ወደ በሩ ተጠግቶ «ቦታ አለ?» ብሎ ጠየቀ። አንድ ወጣት በረኛ ፊቱን እንኳ ሳያይ ሞልቷል አለው። ሴቬሪኖ በበረኛው ትከሻ ላይ አሻግሮ ሲያይ ነጫጭ ጠረጴዛዎቹ ባዶአቸውን ተኮልኩለዋል። ልጅቷም አይታለች። ያን ዕለት እራታቸውን የበሉት ከመንገድ ዳር የተገዛ የተቆላ ለውዝ ነው።

ከስምንት ዓመት በኋላ ሚግዳሊያ ያንኑ በረኛ አገባችው። ፍቅር እንዲህ ነው፣ አይመርጥም። ሽማግሌው ሠርጉን ባረከ፣ የልጅ ልጁን አቀፈ፣ እሑድ እሑድ ከአማቹ ጋር ዶሚኖ ይጫወታል። ላስ ጋርሳስ በር ላይ ከተመለሰበት ቀን ወዲህ ግን ምግብ ቤት የሚባል ነገር ረግጦ አያውቅም። ዛሬ ጠዋትም ሚግዳሊያ «አባባ፣ መጀመሪያ አንተ ብላልኝ» ብትለው እንቢ አለ።

«እሱ የሚቆምበት በር ላይ አልለምንም» አላት። «በጓዳ በኩል ደግሞ ድመት ነው የሚገባ።»

ኤቬራርዶ ይህን ሰምቶ እንዳልሰማ ሆኖ ክራቫቱን አስሮ ነበር። ቢዘጋም ቢከፈትም ይህ በር የእሱ ፈተና ነው። አሁን ፈተናውን በመጀመሪያዋ ቃል ወደቀ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

«ሂድና ጥራቸው!» አለች ሚግዳሊያ።

ሊጠራቸው ዞር ሲል ግን ሌላ ነገር አየ። ዘንቢል ያንጠለጠለች ወፍራም ሴት በመንገዱ ስታልፍ፣ ባልና ሚስቱን አይታ ቆማለች።

«የመጨረሻው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለ ባልየው እጁን አውጥቶ።

«ምን መጥቶ ነው?»

«ምግብ መሰለኝ።»

ሴትዮዋ ከኋላው ቆመች። ከእሷ ኋላ ብስክሌት የሚገፋ ሰውዬ መጣ። «ሳሙና ነው የሚሉት» አለ፣ ማን እንዳለው እግዜር ይወቅ። «ሳሙና ከሆነማ እህቴንም ልጥራት!» አለች ሌላዋ። አይ ያገሬ ሰው! ሁለት ሰው ቆሞ ካየ ሦስተኛው እሱ ነው፣ ምንነቱን ተሰልፎ ይጠይቃል። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሰልፉ ጥላውን ጨርሶ ፀሐዩ ላይ ወጣ።

ሚግዳሊያ በመስኮቱ ቀዳዳ አጮልቃ አየች። ንዴቷ ፊቷ ላይ እንዳለ ሳቅ አመለጣት።

«ሰልፍ! ኤቬራርዶ፣ ሰልፍ እኮ ነው! እሰይ! በል ክፈት፣ ምን ትጠብቃለህ!»

ኤቬራርዶ ሁለቱንም የበሩን ክንፎች ወለል አድርጎ ከፈተ። በሕይወቱ ብሎት የማያውቀውን ቃል ሊል ነው።

«ግቡ!» አለ።

ማንም ንቅንቅ አላለም።

«ማን ወጣና ነው የምንገባው?» አለች ባለዘንቢሏ። «እኔ ከቆምኩ አንድ ነፍስ አልወጣም።»

«እውነቷን ነው» አለ ባልየው። «አሁን ሞልቷል ብለኸን አልነበረም?»

«ምግቡ ቢሸትባቸው ነው» አለ ባለብስክሌቱ። «ደኅና ምግብ ያለው ሰው ግቡ ብሎ ይለምናል እንዴ? የት አገር?»

ከሰልፉ መካከል ሳቅና ማጉረምረም ተነሣ። ከኋላ ያሉት ሁለቱ ሳሙና አለመሆኑን ሰምተው ሊሄዱ ተንቀሳቀሱ። ኤቬራርዶ መልስ ሞልቶታል። በጓዳ በር ወጡ ቢል፣ ተይዞ የነበረው ተሰረዘ ቢል፣ ማን ይጠይቀዋል? የሃያ ዘጠኝ ዓመት ውሸት ታጥፎ አፉ ላይ ተቀምጧል። ቀና ሲል ግን በጓዳው መስኮት የሽማግሌውን ነጭ ጸጉር አየ። አገጩን በእጁ ደግፎ እያየው ነው።

«አልሞላም ነበር» አለ ኤቬራርዶ።

«ምን?»

«ባዶ ነው። ቅድምም ባዶ ነበር። ዋሸኋችሁ።» ድምፁ ቀጠነበት። «ልማድ ሆኖብኝ ነው።»

ባለብስክሌቱ አንገቱን አስግጎ ትኩር ብሎ አየው።

«ቆይ ቆይ… ይኼ ሰውዬ የላስ ጋርሳሱ አይደል?»

«ራሱ ነው! በወንድሜ ሠርግ መልሶናል!»

«እኔንስ? ሁለቴ!»

«እኔን የስድስት ወር እርጉዝ ሆኜ ነው!»

ኤቬራርዶ ድንጋይ እስኪወረወርበት ጠበቀ። ባለዘንቢሏ ግን እጇን አንሥታ ሁሉንም ዝም አሰኘችና ሁለት እርምጃ ቀረበችው።

«እስቲ ንገረኝ፣ በእግዜር» አለች። «ያኔም ባዶ ነበር?»

ክራቫቱን ያዘና በአንድ ጣቱ ላላ አደረገው።

«አብዛኛውን ጊዜ» አለ።

መጀመሪያ ባለብስክሌቱ ነው የፈነዳው። «አብዛኛውን ጊዜ!» ብሎ መሪውን እየደበደበ ሳቀ፣ ከዚያ ሰልፉ በሙሉ ሳቀ፣ ከዚያ ከወጥ ቤት ሚግዳሊያ ሳቀች። ባለዘንቢሏ እንባዋን ጠረገች።

«ሃያ ዓመት የተጠራጠርኩትን ዛሬ ነገረኝ! በል ዞር በል፣ እገባለሁ!»

«ተራ አለ እትዬ! መጀመሪያ እኛ ነን!» ብሎ ባልየው ሚስቱን ጎትቶ ቀደማት።

ከዚያ በኋላማ ምኑ ይነገራል! ዳማሪስ ሳህን በሁለት እጇ ይዛ በጠረጴዛዎቹ መካከል ትሽከረከራለች። የጥቁር ቦሎቄው፣ የሩዙ፣ በነጭ ሽንኩርት የተጠበሰው ዶሮ ሽታ በበሩ ወጥቶ የቆመውን ሰው ምራቁን ያስውጠዋል። ባለብስክሌቱ ብስክሌቱን ከመስኮቱ ጋር አስሮ፣ ሙዝ ጥብስ እየቆረጠመ «አይሸትም! ኧረ አይሸትም!» እያለ ለውጭዎቹ ይጮኻል። ኤቬራርዶ ወንበር ይስባል፣ «እዚህ ነው እመቤቴ፣ ይቺ አንድ እግሯ አጭር ናት፣ ወደ ግራ ዘንበል ይበሉ» ይላል። ሰው ሲገባ ፊቱ እንዴት እንደሚሆን ለካስ አይቶ አያውቅም ነበር። ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ አሥራ ሁለተኛው ወንበር ላይ ሰው ተቀመጠ። ውጭ ገና አሥር ሰው ቆሟል።

«አራት ዶሮ ቀርቶናል!» አለች ሚግዳሊያ በጆሮው፣ ትኩስ ትንፋሿ ነጭ ሽንኩርት እየሸተተ። «መብራቱ ሳይጠፋ ያልቃል! ነገም እንከፍታለን፣ ሰማህ? ነገም!»

ኤቬራርዶ ወደ በሩ ሲመለስ ደጃፉ ላይ አንድ ሰው ቆሟል።

ሴቬሪኖ ነው። በጓዳ በር ወጥቶ፣ ቤቱን ዞሮ በመንገዱ መጥቷል። ሙቀቱን ከምንም ሳይቆጥር ኮት ለብሷል። ትከሻው ሰፍቶታል፤ ምናልባት ዛሬም የተዋሰው ይሆናል። ጸጉሩን በውኃ አብሶ አበጥሯል። አማቹን እንደማያውቀው ሰው በትሕትና አየውና ጠየቀ።

«ቦታ አለ?»

ጓዳ ውስጥ በርጩማ አለ፣ ሊያመጣው ይችላል፤ በርጩማው ግን አሥራ ሦስተኛ ነው፣ የሚግዳሊያ ፈቃድ የሚነጠቅበት። አንዱን እንግዳ ላስነሣ ይሆን? ያን ሁሉ ዓመት በሐሰት ሲለው የኖረው ቃል ዛሬ እውነት ሆኖ መጣ።

«አባባ…» አለ ኤቬራርዶ። «ሞልቷል።»

የሽማግሌው ዓይን አልተንቀሳቀሰም። ኤቬራርዶ ይህን ፊት ዛሬ ገና አየው።

«በእኔ ቃል አይሁን» አለና ከበሩ ፈቀቅ አለ። «ይዩት። በዓይንዎ ይዩት።»

ሴቬሪኖ ደጃፉ ላይ ቆሞ አንገቱን ዘረጋ። ጣቱን አንሥቶ አንድ በአንድ መቁጠር ጀመረ። ባልየው፣ ሚስቱ፣ ባለዘንቢሏ አጥንት ስትግጥ፣ ባለብስክሌቱ፣ ያቺ እርጉዝ የነበረችው… አሥራ ሁለት ላይ ጣቱ ቆመ። ከጠረጴዛዎቹ መካከል ልጁ ሚግዳሊያ ሳህን እንደያዘች፣ ፊቷ በእሳቱ ቀልቶ፣ በአንዱ እንግዳ ቀልድ አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ ትስቃለች። ሽማግሌው ትክ ብሎ አያት።

«ሞልቷል» አለ በመጨረሻ፣ ለራሱ። «እውነትም ሞልቷል!»

የኮቱን ቁልፍ ቆለፈ። የአማቹን የላላ ክራቫት በሁለት እጁ ይዞ ቀጥ አደረገለትና ወደ ጎዳናው ዞረ።

«የመጨረሻው ማነው?» አለ ጮክ ብሎ።

ከጥላው ጫፍ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

«እኔ ነኝ፣ አባባ። ከእኔ ኋላ ነዎት።»